ሰሙ ከግድግዳው ሲነሳ

ሕፃን ልጅ የተቀባ ግድግዳ ላይ በክሬዮን ሲሞነጫጭር በደለ እንላለን? እኔ አልልም። በደል ክፉ መሆኑን አውቆ መሥራትን ይጠይቃል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ግድግዳ ላይ መሞነጫጨር ክፉ መሆኑን የሚያመዛዝንበት አእምሮ ገና አልበሰለም። በየጁቤና በሞጣ ገጠር እናት የጭቃ ግድግዳዋን በእበት ስትለቀልቅ ልጇ አጠገቧ ቆሞ እርጥቡን በጣቱ ቢጭረው መልሳ ታለሰልሰዋለች፤ ቂም የሚይዝበት የለም። ቁጣው የመጣው ከቅባት ቀለሙ ጋር፣ ግድግዳው ብዙ ገንዘብ ሲወጣበት ነው።

ልጅን በጊዜ ካልገሠጹት የሰው ንብረት አያከብርም የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ዱላ አይደለም። ክሬዮን ሰም ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲታሽ ከቅባት ቀለም ላይ ይለቃል፤ በሽቦ የፈተገው ሰው ግን ቀለሙን ራሱን ይልጠዋል፣ ጠባሳውም ከጭረቱ ይብሳል። ልጁም እንደዚያው ነው። ጨርቁን ይዞ አብሮ ቢያሽ ያበላሸውን ማቃናት ይማራል፤ ቢገረፍ የሚማረው መደበቅን ነው።

በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው የቆጠረው ቅኔ ቢበላሽበት መምህሩ ያርምለታል፤ ነገ እንዳይቆጥር ግን አይከለክለውም። እናትና አባት ሆይ፣ ግድግዳውን ከልጃችሁ ጋር አጽዱ፤ ክሬዮኑን ግን አትቀሙት፣ ወረቀት ስጡት።