ከተማዋን ሁለታችሁም አታውቋትም

ልጆቼ፣ ይህን ምክር የምጽፈው ባዕድ አገር ተጋብታችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁን ይዛችሁ ቤቴል ሰፈር ቤተሰብ ዘንድ ለሁለት ለሦስት ወር ለምታርፉ ነው። አንዳችሁ እዚህ ያደገ ነው፤ ለሌላችሁ አዲስ አበባ ፍጹም ባዕድ ከተማ ናት። የእንዲህ ዓይነቱ ቆይታ መልክ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በእንኳን ደህና መጣችሁ ያልፋል። ቀጥሎ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል፤ ከዚያ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ለቅሶው፣ የክፍለ ከተማው ጉዳይ። መሄጃው ሲቃረብ አንድ ጠዋት በጥድፊያ አራት ኪሎ ተደርሶ ሙዚየም ይታያል፣ ማታ አንድ የባህል ምግብ ቤት እስክስታ ይታያል፣ በማግስቱ ሻንጣ ተጭኖ ወደ ቦሌ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ከረመ የሚባለው እንግዳ በእውነቱ የከረመው አንድ ሳሎን ውስጥ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያን ያህል ጊዜ ያለው ጥንድ ሌላ ጎብኚ የማያገኘው ዕድል በእጁ ነበር።

ምክሬ አንድ ነው። ከተማዋን በዝግታ፣ አብራችሁ፣ ሁለታችሁም እንደ እንግዳ ሆናችሁ እዩአት። እዚህ ያደገው አስጎብኚ፣ ከውጭ የመጣው ተመሪ አይሁን። «እኔማ ያደግኩበት ነው፣ ምን አያለሁ?» የሚለው አነጋገር ሲመረመር ብዙም አይቆምም። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የታክሲ መስመሩን ነው። ብሔራዊ ሙዚየምን ያየው ምናልባት በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ አስተማሪ እያጣደፈው ነው። ከቤቴል ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ኮልፌ፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ የውትድርና ሥልጠና መውሰዳቸውን፣ ካስተናገዷቸውም መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ እንደነበሩ ስንቱ የኮልፌ ልጅ ያውቃል? ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ነው ወደ አገራቸው ተጠርተው የሄዱት፤ ወዲያውም ተያዙ። ይህን ሁሉ ማንዴላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። በዚያ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ በሚኒባስ የተመላለሰው ልጅ ግን ከባዕዷ ሚስቱ እኩል ለታሪኩ አዲስ ነው።

በዚያ ላይ ከተማዋ ራሷ ጥላችኋት የሄዳችኋት አይደለችም። የከተማዋ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012፣ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተመረቀው በ2016 ነው። በዚያው በ2016 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል፤ የኮሪደር ልማቱም ብዙ መንገዶችን ከነመልካቸው ቀይሯል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሄደ ሰው ለባለቤቱ «እዚህ ጋ አንድ ኬክ ቤት ነበር» እያለ ባዶ ቦታ ሊያሳይ ይችላል። ትዝታውን ማካፈሉ መልካም ነው፤ የዛሬዋን ከተማ ለማየት ግን እሱም እንደ እሷ ዓይኑን መክፈት አለበት።

አስጎብኚነትን የምቃወመው ስለ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ለትዳሩም ስለማይበጅ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ተናጋሪ፣ ሌላው ሁልጊዜ አድማጭ ሲሆን ተናጋሪው ይደክማል፣ አድማጩ ጥያቄ ለማብዛት ያፍራል። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም» ማለት የሚከብዳቸው ባሎችና ሚስቶች ደግሞ ከራሳቸው ፈጥረው ይናገራሉ። አብረው ሲያዩ ግን ነገሩ ይለያል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማይወስድ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀምጧል። ያገሩ ልጅ ከልጅነቱ ስላየው ሳያስተውለው ያልፋል። እንግዳዋ ትቆምና «ይህ ደረጃ የት ነው የሚያደርሰው?» ትላለች። ደረጃውን የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ላለፈው አንድ ዓመት ነው። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። ይህን ሁለቱ እዚያው ጠይቀው፣ አብረው ሲረዱት አንዱ ለሌላው ከሚያስተምረው ይልቅ በልባቸው ይቀራል። ከግቢው በር ውጭ፣ አደባባዩ ላይ፣ በ1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ ከደረጃው ተነሥተው ወደዚያ ሲሄዱ ጥያቄው በራሱ ይቀጥላል።

ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ በግፍ የተገደሉት እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ፎቅ ላይ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለአንድ ሙሉ ጠዋት ይህን አንድ ሕንፃ ብቻ ያዙ። ሦስት ወር ያለው ሰው በአንድ ቀን አምስት ቦታ የሚሮጥበት ምክንያት የለውም።

አብሮ ማየት ምን እንደሚያፈራ ለመረዳት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን መሥራች ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስትንና ባለቤታቸውን ሪታን ማስታወስ ይበቃል። ሪቻርድ ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ሩማንያ የተወለዱት ሪታ ተከተሏቸው፤ እዚሁ ተጋቡ። ከተማዋ ለሁለቱም ባዕድ ስለነበረች አንዱ ሌላውን የሚመራበት ነገር አልነበረም። እሳቸው ወደ ታሪክ፣ ሪታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አዘነበሉ፤ ያዩትንና የኖሩትን በስተርጅና በጋራ የትዝታ መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። «እነሱ ምሁራን ናቸው፤ እኛ ለዕረፍት ነው የመጣን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከማንም መጽሐፍ አይጠበቅም። የሚበቃው ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የሁለታችሁም የሆነች አንዲት ከተማ መኖሯ ነው፤ ያለበለዚያ አዲስ አበባ እስከ መጨረሻው «ያንተ አገር»፣ «የሷ አገር» ሆና ትቀራለች፣ በተጣላችሁም ቁጥር ትነሣለች።

ከተማዋን የቆረቆሯትም ባልና ሚስት መሆናቸውን አትርሱ። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ወደ ፍልውኃ መውረድ የወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት እንዲሠራ የጠየቁትና ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እቴጌዪቱ ናቸው። እንግዲህ አንድ ቀን ምኒልክ በ1882 የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን ማየት፣ ሌላ ቀን ፍልውኃን፣ ሌላ ቀን ሁለቱም ያረፉበትን የአራት ኪሎውን ታዕካ ነገሥት በዓታን መሳለም ይቻላል። እንጦጦን ግን በመጣችሁ ሰሞን አትውጡ። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል። ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ሲወጣ ደስታው ሌላ ነው። በክረምት ከመጣችሁ ደግሞ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላውን ለሙዚየም ተዉት።

አካሄዱን በተመለከተ፣ የቤተሰብ መኪና ሁልጊዜ አትጠብቁ። ከቤቴል እስከ ጦር ኃይሎች በሚኒባስ፣ ከዚያ በባቡር መሄድ ይቻላል፤ ባቡሩ ቢዘገይም ታገሡት። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሐዲዱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ መሃል ከተማው ከላይ ይታያል። ሚኒባሱ ላይ እንግዳዋ ለረዳቱ ሂሳብ ትስጥ፣ «ወራጅ አለ» ትበል፤ እናንተ አትቅደሟት። በትንሽ ነገር ራሷን ስትችል ከተማዋን መፍራት ታቆማለች።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ይህ ብዙም አያነጋግርም። መግቢያው ለውጭ ዜጋ ከፍ ይላል እንጂ ለአንድ ምሽት ግብዣ ከሚወጣው አይወዳደርም። ሁለተኛው ሥጋት ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። መርካቶ በጠዋት ግቡ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይኑራችሁ፣ ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አትዙሩ። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ግቢና ኤምባሲ ፎቶ አታንሡ። ግን ሥጋትን ሰበብ አድርጎ እዚያው መርካቶ ያለውን ምናለሽ ተራን ሳያዩ መሄድ አግባብ አይመስለኝም፤ ቆርቆሮውና ቁራጭ ብረቱ እንደገና ዕቃ ሲሆን የሚታየው እዚያ ነው።

ሦስተኛው «ደስ ሊለን መጥተን ስለ ምን የሐዘን ቦታ እንሄዳለን?» የሚለው ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ከባድ ቦታ ነው፤ ፎቶዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅምም አለበት። አስተያየቴን በግልጽ ልናገር፤ ከሁሉም ይልቅ ለእናንተ ለጥንዶቹ ይህ ቦታ አስፈላጊ ነው። የቤቴል ሽማግሌዎች ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ አማቷ የወንድሟ ፎቶ ፊት ለምን እንደምትተክዝ እንግዳዋ የምትረዳው እዚያ ከቆመች በኋላ ነው። በዚያ ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ። ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ አትግቡ።

ዋናውና ከባዱ ተቃውሞ ግን ዘመድ ነው። «ከስንት ዓመት በኋላ መጥታችሁ ከተማ ትዞራላችሁ?» የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ከፍቅር ስለሚመጣ ልናቃልለው አይገባም። እናት ልጇን ዓመታት ጠብቃለች፤ ዶሮውን ሠርታ ቡናውን አፍልታ ስትጠብቅ መቅረት ነውር ነው። እኔ የምለው ቆይታችሁ አጭር ቢሆን ዘመድን አስቀድሙ ነው። ሦስት ወር ግን ለሁለቱም ይበቃል። ገና ስትመጡ ቀኑን ለይታችሁ ተናገሩ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሁለታችሁ ይሁን፣ ምሳና ማታ የቤተሰብ። አስቀድሞ የተነገረው አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሲጠብቅ ውሎ የቀረበት ነው። ማታ ስትመለሱም ያያችሁትን ተርኩ፤ አባት ስለዚያ ሕንፃ፣ አክስት ስለዚያ ሰፈር የሚያውቁትን ይጨምሩላችኋል፤ ሙዚየሙ ውስጥ ያልተጻፈውን የምትሰሙት ያኔ ነው።

ከቻላችሁ ደግሞ እናትን አንድ ቀን ይዛችሁ ውጡ። ቤቴል ብዙ ዓመት ኖረው የድንቅነሽን ቅሪተ አካል ቅጂ ያላዩ፣ ቅድስት ሥላሴን ከተሳለሙ ዘመን ያለፋቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ሌላውን ሲያበሉ ነው የኖሩት። ለእሳቸው በሚኒባስ መጋፋት አይሆንም፤ ራይድ ወይም ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ሥላሴ ከተሳለማችሁ ብሔራዊ ሙዚየሙ ቅርብ ነው፣ ደረጃ ስላለው ክንዳቸውን ያዙ፣ ወንበር ያለበት ሁሉ አሳርፏቸው። የሚመቻቸውን ቀን ግን እሳቸውን ጠይቁ፤ የጾም ቀን ከሆነ ምሳ የት እንደምትበሉም አስቀድማችሁ አስቡ።