ካሳውን ራስሽ ጠይቂ

ልጄ፣ መንገድ ላይ የሚከታተልሽ፣ በስልክ የሚዝትብሽ፣ ስምሽን በሰፈር የሚያጠፋ ሰው ሲገጥምሽ ዘመድ የሚያሳይሽ መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይ ሽማግሌ። ሦስተኛውን መንገድ የሚነግርሽ ጥቂት ነው። እሱም የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። በወንጀል መዝገብ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አንቺ የግል ተበዳይና ምስክር ነሽ፤ ክሱ ይቀጥል ወይም ይቋረጥ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ግን ከሳሿ አንቺ ነሽ። ዕድሜዬ በወልቂጤና በቡታጅራ ያለፈ ነውና ይህን የምጽፍልሽ ብዙ ልጃገረዶች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ጥለው ከተማ ሲለቁ፣ በዳያቸው ግን እዚያው መንገድ ላይ ቡናውን ሲጠጣ ስላየሁ ነው።

ነገሩ የጥቂቶች እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጠናው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። ከ3 ሺህ በላይ ሴቶች ተጠየቁ፤ ባል ወይም የትዳር አጋር ከነበራቸው መካከል 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከገዛ አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ አኃዝ የቤቱን እንጂ የመንገዱን ለከፋ አይጨምርም። በቤቱ ይህን ያህል የለመደ እጅ በገበያና በመነኻሪያ ይሰበሰባል ብዬ ግን አላምንም።

የወንጀል ሕጋችን ለመንገድ ለከፋ ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ የለውም። ዛቻ፣ ድብደባና ስም ማጥፋት ሲሆን ያስቀጣል፤ ከዚያ በታች ያለውን ፖሊሱ “ምን አደረገሽ ታዲያ?” ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እዚህ ላይ ሰፋ ይላል። አንቀጽ 10 በሰውነትሽ መብት ላይ ሕገ ወጥ ተግባር የሚፈጽም ሰው እንዲያቆም የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። አባቶቻችን “በሕግ አምላክ!” ሲባሉ ባሉበት እንደሚቆሙት ሁሉ፣ ዳኛም ያን ሰው ቁም ሊለው ይችላል። አንቀጽ 2028 ደግሞ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። እጅሽን ጎትቶ ቢይዝሽ፣ ስምሽን ቢያጎድፍ፣ ፎቶሽን ያለ ፈቃድሽ በቴሌግራም ቢለቀው፣ ለእያንዳንዱ በዚያው ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። ነፍስሽን የሚያሰጋ ዛቻ ካለ ግን መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሂጂ፤ የካሳው ክስ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልምጣ፤ በእኛ አገር ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነውና። የጉራጌን ሽምግልና አከብራለሁ። የጆካ ቂጫ የሰባት ቤትን፣ ጎርደና ሴራ የክስታኔን ሕዝብ ለዘመናት ያስተዳደሩ ሕጎች ናቸው፤ ደም ያደረቁ፣ ድንበር ያስታረቁ። ነገር ግን በእነዚያ ሸንጎዎች ሴት በራሷ ጉዳይ ምን ያህል ድምፅ እንደነበራት የቃቄ ውርድወት ታሪክ ይነግርሻል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ይህች ሴት በየጆካ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻና የፍቺ መብት ተሟገተች፤ የጠየቀችውን ሁሉ አላገኘችም፤ ስሟ ግን እስከ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ደረሰ። እሷ ጉዳይዋን በራሷ አፍ ተናግራለች። አንቺም ሽማግሌ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ወክሎሽ እንዲናገር አትፍቀጂ።

በተለይ ስለ ወረቀቱ ላስጠንቅቅሽ። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ የዓመቱ ቂም ይታረቅ ተብሎ ሁሉም ይሰበሰባል። ያ ሰው ይቅርታ ይላል፣ አንድ ሰነድ ይወጣል፣ “ፈርሚ፣ በዓሉን አታበላሽብን” ትባያለሽ። ልጄ፣ ክርክርን ለመጨረስ የተደረገ ስምምነት በሕጋችን በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ያስራል። “ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም” የሚል ቃል ካለበትና ከፈረምሽበት፣ ኋላ ፍርድ ቤት ስትሄጂ ተከሳሹ ያንኑ ወረቀት ያወጣብሻል። ታረቂ፤ ይቅር ማለትም ያንቺ ነው። ግን ካሳው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ዳግም ቢቀርብሽ ምን እንደሚሆን ሳይጻፍ አትፈርሚ። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደሽ አንብቢው። የሚቸኩልብሽ ካለ፣ የሚቸኩለው ለማን እንደሆነ አስተውዪ።

ሰውዬው አዲስ አበባ ነዋሪ ቢሆንና ለበዓል መጥቶ ቢበድልሽ ተከትለሽው መሄድ የለብሽም። በአካል ላይ ለደረሰ በደል የካሳ ክስ፣ ድርጊቱ በተፈጸመበትም ሆነ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ ምርጫው የከሳሿ ነው። ቡታጅራ ላይ ከተደረገ እዚያው ክሰሽ መጥሪያው እሱ ዘንድ ይድረስ።

ማስረጃን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር የሚፈለግብሽ ከተከሳሹ ይልቅ ያንቺ ነገር ሚዛን እንዲደፋ ነው፤ በወንጀል እንደሚጠየቀው ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ ሰውዬው በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ ተስፋ አትቁረጪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሳው ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይገደድም ይላል። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ “ተለቋል” ሲባሉ ቤታቸው ገብተው ይቀራሉ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ፤ ስልክ ብትቀይሪም አሮጌውን አስቀምጪው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ በደብተር ጻፊ። ያየ የባጃጅ ሹፌር፣ የሰማች ጎረቤት ካሉ ስማቸውን ያዢ።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እነግርሻለሁ፤ ደላላ ወይም ጉዳይ አስፈጻሚ በባዶ ተስፋ እንዳይሞላሽ። ካሳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በገንዘብ የሚቆጠረው ጉዳት ነው፤ የተውሽው ሥራ ደመወዝ፣ የሕክምና ወጪ፣ ሰፈር ስትቀይሪ የከፈልሽው ኪራይ፣ ያቋረጥሽው ትምህርት ክፍያ። ይህ ጉዳቱን ያህል ይከፈላል፤ ጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ሁለተኛው የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው፤ ፍርሃቱ፣ እፍረቱ፣ ያልተኛሽበት ሌሊት። ለዚህ የሕጉ አንቀጽ 2116 ዳኛው በምንም ምክንያት ከ1000 ብር በላይ እንዳይወስን ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ 1000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ከስልሳ ዓመት በላይ ያልተነካ ቁጥር ነው። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ ተጠልፋ ለተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሕሊና ካሳ እንዲከፍል የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. ወስኗል። ያ ውሳኔ በመንግሥት ላይ የተላለፈ ስለሆነ ከግል ክስ ጋር አንድ አይደለም፤ ግን የሴት ልጅ ሥቃይ በአህጉሩ ሚዛንና በእኛ ሚዛን ምን ያህል እንደሚራራቅ ያሳያል። አንቀጽ 2116 መቀየር አለበት፤ ይህን ለምክር ቤት አባላት ሁሉ እላለሁ። እስኪቀየር ግን ክስሽን በገንዘብ በሚቆጠረው ላይ አጠናክሪ። ያን 1000 ብርም አትተዪው፤ ሆን ብሎ ለተፈጸመ በደል ከሆነ አንቺ ለመረጥሽው በጎ አድራጎት እንዲከፈል መጠየቅም ትችያለሽ።

ተቀጥረሽ የምትሠሪ ከሆነና በዳይሽ አሠሪሽ ወይም ሥራ መሪው ከሆነ፣ የ2011ዱ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ሌላ መብት ይሰጥሻል። በወሲባዊ ትንኮሳ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ብትለቂ፣ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ አለሽ። ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰንሽ ይህ መብት ያልፋል። የቤት ሠራተኞችን ይህ አዋጅ አይሸፍናቸውም፤ እነሱ ከሁሉ በላይ የሚበደሉ ሆነው ሳለ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ለእነሱ የሚቀራቸው የፍትሐ ብሔሩ ክስ ነው።

ገንዘብ የለኝም አትበዪ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በድህነት ያለ ክፍያ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ ከቀበሌ ማስረጃ ይዘሽ ቅረቢ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጡ እንደሆነ ገብተሽ ጠይቂ። ከ18 ዓመት በታች ከሆንሽ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ስለ አንቺ ይከሳል።

ከሁሉ በላይ ይርጋውን አትርሺ። የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ረዘም ያለው ይሠራል። ሽማግሌ ተቀመጠ ተብሎ ጊዜው እንደሚቆም አታስቢ። ዛሬ ማታ ደብተር አውጪና ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ጻፊ፤ ከሥሩም ሁለት ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን።