የቆመ የሚመስለው ሁሉ ሥራ ፈት ነውን?

ከቆቃ ግድብ በታች፣ በመልካሳ አጠገብ፣ የአዋሽ ወንዝ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1971 ሥራ የጀመሩት እነዚህ ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ የሚነሣውን መስመር ቀና ብለን ስንመለከት፣ ውሃ በቧንቧ እንደሚወርድ ኃይሉም በሽቦው ውስጥ እየፈሰሰ ወደ ቤታችን የሚመጣ ይመስለናል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ እንጂ ከመልካሳ ተነሥተው አምፖላችን ዘንድ አይደርሱም። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1884 እንዳስረዳው፣ ኃይሉ የሚጓዘው ሽቦውን በከበበው፣ ባዶ በሚመስለው ስፍራ፣ በኤሌክትሪክና በማግኔት መስኮች ውስጥ ነው። ሽቦው መንገድ ይመራል፤ ተሸካሚው ግን የማይታየው መስክ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አስደናቂ ነገር አለ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ፋይንማን በ1960ዎቹ ለተማሪዎቹ አንድ እንቆቅልሽ አቅርቦ ነበር። በነፃ መዞር የሚችል ሳሕን ዳር ዳሩን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዙ ኳሶች ተደርድረውበታል፤ በመካከሉም ጅረት የሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ አለ። ሳሕኑ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ጅረቱ በተቋረጠ ጊዜ ግን ማንም ሳይነካው መዞር ይጀምራል። ያ የመዞር ግፊት ከየት መጣ? አስቀድሞ በመስኩ ውስጥ ተሰውሮ ነበር።

ውድ ምእመናን፣ እኛ ሰውን የምንመዝነው በምን ሚዛን ነው? ታመው አልጋ ላይ የዋሉ እናት መቁጠሪያቸውን ይዘው ስለ ቁምስናው ሲጸልዩ፣ «ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ?» እንላለን። ለዓመታት አስተምሮ ፍሬውን ያላየ ካቴኪስትም በከንቱ እንደደከመ ያስባል። እኚያ እናት ሲያርፉ፣ ያ ካቴኪስትም ሲለየን ግን፣ ምን ይዘውልን እንደነበር የሚገባን ያን ጊዜ ነው። ፍትሕ የሚጠይቀን ግን ከማጣታችን በፊት እንድናከብራቸው ነው።

ይሁን እንጂ የፊዚክስ ሕግ የጸጋ ማስረጃ አይደለም፤ ጸጋ በመሣሪያ አይለካም። የተፈጥሮ ትምህርት የሚሰጠን ትሕትናን ነው፤ ያላየነውን ሁሉ የለም እንዳንል ይገሥጸናል። ስውርነትም ለስንፍና መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። በመስኩ የሚጓዘው ኃይል በመጨረሻ አምፖል ያበራል፤ እውነተኛ ጸሎትም ይዋል ይደር እንጂ በፍቅር ሥራ ይገለጣል።

የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ በ15 ዓመቷ ገዳም ገብታ በ24 ዓመቷ እዚያው አረፈች። ወደ ሩቅ አገር ለስብከት አልወጣችም። ሆኖም ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1927 ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዣቪዬር ጋር የስብከተ ወንጌል ተልእኮ ጠባቂ አድርገው ሰይመዋታል። ጎረቤታችን አዳማም ለረጅም ዘመን ናዝሬት ስትባል ኖራለች። ይህ ስም ጌታችን ከአደባባይ ርቆ ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረበትን ስውር ሕይወት ያስታውሰናል። የመድኃኒታችን ሥራ በዚያ ዝምታ ውስጥ አልተቋረጠም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት በየቁምስናችን የተረሳ አንድ በሽተኛ ወይም አንድ አረጋዊ እንጎብኝ። የጎበኘነው እኛ ብንመስልም ብርሃን ተቀብለን የምንመለሰው እኛው ልንሆን እንችላለን።