ያለ ዋጋ የተገኘ መሣሪያና የሰው አደራ

ሰው ሠርቶ አዳሪ ፍጡር ስለ ሆነ የሥራው መሣሪያ የኑሮው ደጋፊ ነው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ጸሐፊው ብዕሩን የሚጠብቀው ስለዚህ ነው። በቀድሞው ልማድ መሣሪያ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነበር፤ ይኸውም በገዛ እጅ በመሥራት፣ በገንዘብ በመግዛት ወይም ከጎረቤት በመዋስ ነው። በሦስቱም መንገድ የዕዳው ልክ የታወቀ ነበር። በዘመናችን ግን ሳንሠራው፣ ሳንገዛው፣ አዋሹንም በዓይናችን ሳናየው የምንገለገልበት መሣሪያ መጥቷል። ለመሆኑ ዋጋ ያልተጠየቀበት ነገር ዕዳም የለበትምን?

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ልደታ የሚሄድ ሰው በመንገዱ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችን ያገኛል። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን፣ ነጋዴው የዕቃውን ዝርዝር፣ ተማሪው የሥራ መጠየቂያውን የሚያስጽፈው በእነዚህ ቤቶች ነው። ይህ ሥራ ቀድሞ በጽሕፈት መኪና ይከናወን ነበር፤ ኢንጂነር አያና ብሩም ፊደላችንን ከመኪናው ጋራ ለማስማማት የደከሙት ድካም የሚዘነጋ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ በአማርኛ መጻፍና መላላክ እየቀለለ ሄዷል። ዛሬ ብራውዘር በሚባለው የኢንተርኔት መስኮት ገብተን ያለ ክፍያ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ሒሳብ እናሰላለን፤ ቀጠሮ እንመዘግባለን። ጉግል ዶክስን የመሰለው መሣሪያ ልዩ ልዩ ሰዎች በየቦታቸው ሆነው አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ እንዲያርሙ ያስችላል።

ይህን በጎ ነገር መንቀፍ ውለታ ቢስነት ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመግዛት የወር ደመወዙ የማይፈቅድለት ሠራተኛ ከባለጸጋው እኩል የሚሠራበትን መሣሪያ አግኝቷል። ዳሩ ግን ምስጋና አስተውሎትን አያስቀርም።

ከዕለታት አንድ ቀን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስለ ጡረታ ጉዳይ ወደምንሠራበት ክፍል መጡ። መታወቂያቸውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውንና የሟቹን የሕክምና ማስረጃ ይዘው ነበር። እኛም ወረቀቶቹን በስካነር አንሥተን ወደሚመለከተው ክፍል ለመላክ ብንሞክር ፋይሉ ከመጠን በላይ ስለ ሆነ አልሄድ አለን። ከዚያም በኢንተርኔት ፋይል በነፃ የሚያሳንስ አንድ ገጽ ፈልገን ሰጠነው፤ በደቂቃም አሳንሶ መለሰልን። እናታችን «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው መረቁን፤ ወረቀቶቻቸውንም አንድ በአንድ ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። አንድም እንዳልጎደለባቸው እርግጠኛ ነበሩ። እኛ ግን ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ሐሳብ ዕረፍት ነሣን። የዚያ ገጽ ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ የላክንለትን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቈይ አልጠየቅንም፤ ደንቡንም አላነበብንም። እኚያ እናት ያመኑት እኛን እንጂ እርሱን አልነበረም።

ያለ ክፍያ የሚሰጡ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት አይተዳደሩም። አንዳንዶቹ በበጎ አድራጊዎች መዋጮ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ከሚከፍሉ ደንበኞች ያገኙትን ለማይከፍለው ያካፍላሉ፤ ሌሎቹም ከማስታወቂያና ስለ ተጠቃሚው ከሚሰበስቡት ዕውቀት ይጠቀማሉ። እንግዲህ የገዛ ምሥጢራችንን በአገልግሎቱ ፈንታ ብንሰጥ የራሳችን ፈቃድ ነው። የባለጉዳይን ምሥጢር ብንሰጥ ግን የከፈልነው ከራሳችን ኪስ አይደለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ተረት በዚህም ላይ ይሠራል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወቱ እንዲከበርለት ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህንኑ በዝርዝር ያጸናል። ምናልባት «ያን ባታደርጉ የእናቲቱ ጉዳይ ይዘገይ ነበር» የሚለን ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ስካነሩ ወረቀቱን ሲያነሣ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ይህም ባይሆን እርሳቸውን ማስፈቀድ ይገባ ነበር። መቸኰላችን ለእርሳቸው ማዘን መስሎን ነበር፤ በእርግጥ ግን የገዛ ድካማችንን መቀነሳችን ነበር።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በሌላ አገር የተቀመጠ መሣሪያ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ጽሑፉንና ሒሳቡን ሁሉ በዚያ ብቻ ያኖረ ሰው ቤቱ ተቆልፎበት ቁልፉ በሩቅ አገር እንደ ቀረበት ሰው ነበር።

ስለዚህ የምንለው መሣሪያውን እንጣለው አይደለም። የራሳችንን ማስታወሻና ቀጠሮ፣ ለሕዝብ ሊነገር የተዘጋጀውንም ጽሑፍ በምስጋና እንሥራበት፤ የሥራችንንም ግልባጭ በእጃችን እናስቀር። የሌላ ሰው ስም፣ ሕመምና ችግር የተጻፈበትን ወረቀት ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድና የተቀባዩ ማንነት ሳይታወቅ ከእጃችን አናውጣ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላልና በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የመጣ ወረቀት በእጃችን ሳለ ቋጠሮው እኛ ነን።