ጊዜ የማን ነው?

ሰዓት በእጁ ያሰረ ሰው ሁሉ ጊዜን የሚያውቅ ይመስለዋል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በትምህርት ቤቶቻችን ማስተማር ሲጀምሩ፥ መጀመሪያ ሊማሩት ከተገደዱት ነገር አንዱ የሰዓት አቈጣጠራችን ነበረ። እኛ ቀኑን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ እንግዳ በገዛ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ሦስት ሲሆን ቢመጣ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ቀጠሮ አክባሪው ራሱ አስጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ይህ በአንድ ቀን የሚታረም ስሕተት ነው። የሚከብደው፥ አቈጣጠሩ ከተለመደም በኋላ ሰው በተባለው ሰዓት ሳይመጣ ሲቀር የሚሰማው ቍጣ ነው። ለዚህ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲላኩ፥ ምንም እንኳ አገልግሎቱ ግዴታ ቢሆን፥ የከተማው ልጅ በገዛ አገሩ እንግዳ መሆኑን ያየው በዚያ ነበረ። እኛም በዘመናችን ይኸው ደርሶብናል።

ከሆሣዕና ወጣ ባለ በአንድ የሌሞ ቀበሌ ለሦስት ሰዓት የጠራነው ስብሰባ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሰው አልመጣበትም። ሰዓታችንን ደጋግመን እያየን «ይህ ሕዝብ ጊዜ አያውቅም» ብለን በልባችን ፈረድን። ኋላ እንደ ተረዳነው ጎረቤት ሞቶ ሰዉ ሁሉ ቀብር ላይ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠይቀው የነገሩን አጭር ነበረ፤ ሟቹ እስከ ነገ አይቈይም፥ እኛ ግን እንቈያለን ብለው ነው።

ጊዜ አያውቅም ያልነው ሕዝብ የሚኖረው በእንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ እንደ አየሩና እንደ ዐይነቱ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህም መካከል ከአንድ ጊዜ በላይ እየተነቀለ ይተከላል። ተፍቆም ቆጮው ጕድጓድ ገብቶ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይቀመጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚበላውን ዛሬ የሚተክል ሰው ጊዜን አያውቅም ማለት እንዴት ይቻላል? እንሰት ስትፍቅ የምትውለውን ሴት ያየማ «ዝግተኛ ሕዝብ» ለማለት አፉን አይከፍትም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ መዘግየት ሁሉ መልካም ጠባይ ነው የሚል ቢኖር አብረነው አንቆምም። የሌሞ ሰዎች ያን ዕለት ከእኛ ሁለት ሰዓት መውሰዳቸው እውነት ነው፤ የወሰዱት ግን ለሟች ጎረቤታቸው ነው። እኛስ በቢሮ ከባለጕዳይ የምንወስደውን ለማን እንሰጠዋለን?

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወር ሳይሞላ አንድ ገበሬ ለአንድ ፊርማ ከሩቅ በእግራቸው መጥተው «ነገ ይመለሱ» አልናቸው። ወረቀቱ በመሳቢያችን ነበረ፤ እኛም ቡና ልንጠጣ መነሣታችን ነበረ። በማግሥቱም ሌላ ምክንያት አላጣንም። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከነቤተ ሰባችን ደኅንነታችንን ጠየቁ፤ ቅሬታ አላሰሙም፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቈጠርነው። ፊርማው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከትተው፥ መርቀውን ወጡ። ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበረ፤ መንገዳቸው ግን ገና ከፊታቸው ነው።