መውረስና መወረስ

ከሚሴ ላይ ሟች ትቶት የሄደው ነገር ሦስት ስም አለው። አማርኛው ውርስ ይለዋል፣ አፋን ኦሮሞው ዻላ፣ ኪታብ የቀራው ሸህ ደግሞ ሚራስ። በጨፋ ሜዳ ያለች አንዲት ማሳ ሦስቱንም ስሞች በአንድ ጀምበር ልትሸከም ትችላለች።

ውርስና ሚራስ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በግእዝ ከወለደ ልደት እንደሚወጣ፣ ከወረሰም ርስት ይወጣል። ዐረብኛው ከዚያው ሥር ወሪሰ ይላል፣ ዕብራይስጡ ያረሽ። በዚህ ዝምድና ውስጥ የሚያስገርመኝ ግን ድምፁ አይደለም። ያረሽ ከአባት መቀበልም ነው፣ ባለቤቱን አባርሮ መያዝም። አማርኛውም ቢሆን አልተለየም፤ ልጅ አባቱን ይወርሳል፣ መንግሥትም ቤት ይወርሳል። በመጽሐፍ ቅዱስ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት ለሰማርያው ንጉሥ ለአክዓብ አልሰጥም በማለቱ ተገደለ፤ አክዓብም የወይን ቦታውን ሊወርስ ወረደ። በአማርኛው ሟቹ የሞተለትና ንጉሡ የወረደበት ቃል ሥራቸው አንድ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሰማርያ መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ከዚያ ወዲህ «ቤቱ ተወረሰ» ሲባል የሰማ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ በፊት በጎጃምና በጎንደር የርስት ጠያቂ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥር ነበር፤ ሴት ልጅም ከቆጠራው አልወጣችም። አዋጁ ያንን ሁሉ ስም ሥራ ፈት አደረገው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚከብደኝ ዻላ ነው። በኦሮሞ ባህል ቃሉ ከብትና መሬት ላይ አይቆምም፤ የሟች ወንድም መበለቲቱን ማግባቱም ዻላ ይባላል። ሴቲቱ ከነልጆቿ ያለ ጥላ እንዳትቀር የታሰበ ነው። ደግ ሐሳብ ነው፣ እሷን የጠየቃት ሰው ካለ። ከሚሴና ዙሪያዋ እስልምና የጸናበት አገር ነውና፣ እዚህ ቃሉ ከቁርኣኑ የኒሳእ ምዕራፍ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ምዕራፉ ሴትን ያለ ፈቃዷ መውረስን ከልክሎ፣ ለሚስት ባሏ ልጅ ከተወ አንድ ስምንተኛ፣ ካልተወ አንድ አራተኛ ይመድብላታል። የምትወረሰዋ ወራሽ ሆነች ማለት ነው። ድርሻ የሚቆጠረውም የሟች ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ «ያባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ያማርኛ ተረት እዚህ ብዙ አይሠራም።

ምዕራፉ ለሴት ልጅ ግን የወንድሟን ግማሽ ነው የሚሰጣት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንጻሩ ልጆችን እኩል ያካፍላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ወንድሞቿና ሽማግሎች በተቀመጡበት «እሺ» ያለች እህት ምን ያህል እንደተስማማች የሚለካ ዳኛ እንዴት ይገኛል?

የዛሬው ሕግ ማሳውን ርስት አይለውም፤ ይዞታ ነው። አይሸጥም፣ ግን ለልጅ ይተላለፋል። ከሚሴ በምትገኝበት በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ስም ይጻፋል። ባል ሲሞት ሸህም ሆነ ዳኛ የሚያካፍለው የሱን ድርሻ ብቻ ነው። የሷ ድርሻ ውርስ ውስጥ አይገባም፤ እሷ በሕይወት አለችና።