የአምስት ቀን ጽንስና የወንድሜ መርፌ

ባለፈው ሰሞን ዶርማችን ውስጥ የተነሣ ክርክር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ነሣን። ነገሩን የጫረው የሕክምና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ነው፤ ስቴም ሴል ስለሚባለው፣ አንዳንዶችም በአማርኛ ግንደ ሕዋስ ስላሉት ነገር ያወራ ነበር። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና «ምን አገባኝ» ብዬ ልተኛ በቻልኩ ነበር። ግን አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋ መኖር አይችልም።

እስቲ በመጀመሪያ ነገሩን ባጭሩ እንረዳው። ግንደ ሕዋስ ማለት ራሱን የሚያባዛ፣ ሌላ ዓይነት ሕዋስም የሚያስገኝ ሕዋስ ነው። አንደኛው ምንጩ የተወለደ ሰው አካል ነው። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ማዳን ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ የመቅኔው ሕዋስ የሚያውቀው የራሱን ሙያ ብቻ ነው፤ ደም ሥራ ቢሉት ይሠራል፣ ኢንሱሊን የሚያመነጭ የቆሽት ሕዋስ ሁን ቢሉት አይሆንም። ሁለተኛው ምንጭ በቤተ ሙከራ ተጸንሶ አምስት ቀን ያህል የሆነው ጽንስ ነው። የዚህ ሕዋስ ገና ሙያ ስላልመረጠ ሁሉንም መሆን ይችላል። ሕዋሱ ሲወሰድ ግን ጽንሱ ያከትምለታል። አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን በ1998 (እ.ኤ.አ.) የሰውን ጽንስ ግንደ ሕዋስ ለይቶ ካሳደገ ወዲህ ያለው ጭቅጭቅ ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው።

በዚያ ማታ አንዱ ወገን «ሰው ከተጸነሰ ጀምሮ ሰው ነው፤ አንዱን ገድሎ ሌላውን ማዳን ሕክምና አይባልም» አለ። ሌላው «እነዚህ እኮ ልጅ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት ተዘጋጅተው የተረፉ ናቸው፤ መጣላቸው አይቀርም» ብሎ መለሰ። የሕክምና ተማሪው ሳቅ አለና «ጥያቄያችሁ አርጅቷል» አለን። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሕዋስ ላይ አራት ጂኖች አስገብቶ የቆዳን ሕዋስ ወደ ጽንስ መሰል ጠባይ መለሰው፤ በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። «ጽንስ ሳትነካ ሁሉንም ታገኛለህ። አለቀ!»

እውን አለቀን? ያማናካ አራቱን ጂኖች የመረጠው የጽንስ ሕዋስ ከተጠናበት እውቀት ተነሥቶ ነው። የሰው ቆዳ ሕዋስም «ተሳካ» የተባለው ከሰው ጽንስ ሕዋስ ጋር ተመሳክሮ ነው። እንግዲህ በአዲሱ መንገድ የሚሄድ ሰው «እጄ ንጹሕ ነው» ቢል፣ በድልድዩ ተሻግሮ ድልድዩን እንደመርገም አይሆንበትም? ዘዴ መገኘቱ ሌላ፣ ጥያቄው መመለሱ ሌላ ነው።

በወንድሜ በሽታ ላይ ደግሞ ሁለቱም መንገዶች ተሞክረዋል። በ2024 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው በቻይና አንዲት ሴት ከራሷ ስብ ተወስዶ በተለወጠ ሕዋስ ታክማ ከኢንሱሊን መርፌ ተላቀቀች። በ2025 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጽንስ ግንደ ሕዋስ የተሠራውን ሕክምና ሙሉ መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም፤ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ግን መውሰድ ነበረባቸው። እርግጥ አንድና 12 ሰው ተስፋ ይሰጣል እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

ነገር ግን ነገ ወደ እኛ አገር የሚደርሰው ከጽንስ የተሠራው ብቻ ቢሆን ለወንድሜ እምቢ እላለሁን? አልልም። ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። «መጣሉ አይቀርም» የሚለው ምክንያት ግን አያሳምነኝም። ሞት የተፈረደበት ሰው መሞቱ አይቀርም ተብሎ ያለ ፈቃዱ ኩላሊቱ ይወሰዳልን? የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። የአምስት ቀን ጽንስ ነርቭ የለውም፣ አይታመምም፣ አይፈራም። ወንድሜ ግን ይታመማል፣ ማታ ማታም ስኳሩ እንዳይወርድ ይፈራል።

ይህ ማለት ጽንሱ ከንቱ ነገር ነው ማለት አይደለም። ቋንቋችን የአምስት ቀኑንም የዘጠኝ ወሩንም ጽንስ ይለዋል፤ በአእምሮ ውስጥ ላለው ሐሳብ እንኳ «ጽንሰ ሐሳብ» ብሎ አክብሮ ስም ሰጥቶታል። ስለዚህ የምቀበለው በወሰን ነው፦ የተረፈው ብቻ ይወሰድ፤ ለምርምር ተብሎ አይጸነስ፤ የጎለመሰው ሕዋስ በሚበቃበት ቦታ ጽንስ አይነካ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የተወሰደው ነገር ምን እንደነበረ አይካድ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ወላጆቹ ፈቅደዋል?» ብቻ አለኝ። እኔ በወሰኖቼ ውስጥ ያንን ረስቼው ነበር። አሁን ጨምሬዋለሁ። ሌላም የረሳሁት ካለ፣ እናንተ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው እትም ጻፉብኝ።